አሥራ ስምንተኛው ጥገና

ያበላሸሁትን ዕቃ በገዛ እጄ እንዳልጠግን ተከለከልኩ። የተበደልኩት ይህንን ነው። ዕቃው የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ከቦታዬ መነሳቴንም አልከራከርበትም። ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቆዳ ከመጠገን ሌላ ሙያ የሌለኝ ሰው፣ ሦስት ዓመት ገደማ ቀዳዳውን እያየሁ "አትንካ" ተብዬ ኖርኩ። ዕቃው የመንግሥት አልነበረም፣ የሰው ነበር። ባለቤቷም በሕይወት ነበሩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የምፈራው ኃላፊ የለም። ስለዚህ እንደነበረው እጽፋለሁ።

ስሜ ሰይድ ነው። የተወለድኩት ወሎ ነው። አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር፤ ስልቻ፣ አቁማዳ፣ የጭነት ጠፍር እንሠራለን። ሰው ፋቂ እያለ ይሰድበናል፣ አቁማዳው የተቀደደበት ቀን ደግሞ ይፈልገናል። መቐለ ስመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ገበያ ዳር ተቀምጬ የተቀደደ እጠግን ነበር፤ እኛ አቁማዳ የምንለውን እዚህ ለቖታ ይሉታል፤ ቀዳዳው ግን አንድ ነው። ከዚያ የማዳበሪያ ጆንያ ገበያውን ሞላው። ማዳበሪያ ሲቀደድ ይጣላል እንጂ ማንም ሊያስጠግን አያመጣውም። ደንበኛዬ አለቀ። ድንጋይ ተሸከምኩ፣ አሸዋ ጫንኩ፣ በመጨረሻ ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ።

የምጠብቀው ግቢ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቕሮ በሚያወጣው መንገድ በኩል በኪራይ የተያዘ መጋዘን ነበር። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል ዕቃ የሚያስቀምጥበት ነው። የማዕከሉን ስም አልጽፍም። ሥራቸው ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ማጥናት ነው፤ ማጭድ፣ ጋን፣ ኮርቻ፣ አቁማዳ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። የተማረ ሰው፣ ያውም ዶክተር፣ የአህያ ጠፍር በሜትር ሲለካ አይቼ አላውቅም።

መምህርት አብረኸትን ያወቅኋቸው ስሳሳት ነው። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን ከተማሪዎቻቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አቁማዳ ከበው ቆመዋል፤ እኔ ቁልፍ ላስረክብ ገባሁ። ስፌቱ ላይ ነጭ ነገር አየሁና ማንም ሳይጠይቀኝ "የጨው ነው" አልኩ። ጨው ስፌት ውስጥ ገብቶ ይነጣል፣ የተሰፋበትንም ጅማት ያደርቀዋል፤ ይህን ከአባቴ ነው የማውቀው። ተማሪዎቹ መጻፍ ጀመሩ። እሳቸው አልጻፉም።

"ቅመሰዋ" አሉኝ።

ጣቴን በምራቄ አርሼ፣ ነካ አድርጌ ላስኩት። ኖራ ነው። አቁማዳው ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ኖሯል። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። እሳቸው ግን ወደ እነሱ ዞረው ይህ ዕቃ እዚህ ከገባ ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ እስከዛሬ አንድ ሰው እንኳ እንዳልቀመሰው ነገሯቸው። በሳምንቱ ከጥበቃ ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወርኩ። ደመወዙ በጥቂቱ ይሻላል። ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ያኔ ማንበብ ስለማልችል ወረቀቱ አላስጨነቀኝም።

መምህርት ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ቀለበታቸውንና ሰዓታቸውን ፈትተው መሐረብ ውስጥ ይቋጥሩታል። የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ ይዞ የገባ ተማሪ ከበር ይመለሳል። ገጠር ስንወርድ ደግሞ እንደሌሎቹ "ይህን ማን ሠራው?" ብለው አይጠይቁም። ሠሪውን የሚያስታውስ የለም፤ ወይ ሞቷል፣ ወይ ስሙን ሳይናገር ገበያ ላይ ሸጦት ሄዷል። እሳቸው "ማን ጠገነው?" ነው የሚሉት። ጠጋኙን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ባል ነው፣ አማት ነው፣ ወይም አንድ ክረምት ዝናብ ይዞት እዚያ ቤት የከረመ መንገደኛ ነው። ጠይቀው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው እኔን ያልበኝ ነበር። መልሱ ግን ሁልጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከእሳቸው ተምሬ እኔም ዕቃ የማየው ከተቀደደበት በኩል ሆነ። ጥገና ሰውን ያሳብቃል። ግራኝ የሰፋው ጅማቱ የሚጋደመው ወደ ሌላ ጎን ነው። የቸኮለ ሰው ቀዳዳውን ያራርቃል። በራብ ዘመን የተጠገነ አቁማዳ መጣፊያው ከአሮጌ ጫማ ወይም ከከበሮ የተረፈ ነው፤ ለመጣፊያ ብሎ ፍየል የሚያርድ አልነበረምና።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አምስት ዓመቴ ነው። ምክንያቱም አሳፋሪ ነው። እንግዶች በሚመጡበት ቀን የዕቃዎቹን ካርድ እንዳስር ታዘዝኩ፤ የጋኑን ካርድ ኮርቻው ላይ አሰርኩት። ኮርቻው "ጠላ ይጠመቅበታል" የሚል ጽሑፍ አንጠልጥሎ ዋለ። ከእንግዶቹ መካከል ማንበብ የሚችሉ አንድ ገበሬ ነበሩ። ረጋ ብለው አነበቡትና በቅሏቸው አንዳንድ ቀን ለምን እንደምትንገዳገድ ዛሬ ገባኝ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መምህርት ማታውኑ ጠርተው፣ ከነገ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እንደምገባ ነገሩኝ። አስተያየቴን አልጠየቁም። ከግንበኞችና ከቤት እመቤቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ በትግርኛ ነው፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ አማርኛዬም አብሮ ተማረ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ካርድ የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

የአደይ መድሂንን አቁማዳ ያገኘነው በዚያ ዘመን ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት አደይ፣ ትልቅ ወንድ አቦይ ይባላል። አደይ መድሂን ከመጋዘኑ ብዙ የማይርቅ፣ ከተማው አልቆ እርሻ በሚጀምርበት ቦታ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አቁማዳው የእናታቸው ነበር። የፍየል ቆዳ ነው፤ ዘር ብቻ ነው የሚቀመጥበት፤ የሚበላ እህል ገብቶበት አያውቅም። መምህርት "ማን ጠገነው?" ብለው ሲጠይቁ ሴትዮዋ ተቀምጠው አንድ በአንድ ቆጠሩልን። አሥራ ሰባት ጥገና አለው። የአሥራ አንዱን ጠጋኝ በስም አወቁት። ይህን ካርድ ግን ለእኔ ሳይተዉ መምህርት በእጃቸው ጻፉ። ለሦስት ወር አውሱን አልናቸው። ለሦስት ወር ብለው በጣታቸው ፈረሙ።

ዕቃው የተፈለገው ሓወልቲ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ለምናሳየው ዝግጅት ነበር። የመምህርት አካሄድ ከሌሎቹ ይለያል፤ እዚያ ምሁር አይናገርም። ባለቤቶቹ ዕቃቸው አጠገብ ይቆማሉ፣ ሕዝቡ እነሱን ይጠይቃል። አደይ መድሂን ሦስት ቀን ቆመው አስረዱ። አንድ ጎረምሳ አቁማዳውን ልግዛው አላቸው። ምን ልታደርግበት ሲሉት ሳሎን ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ አለ። "ከዚያስ?" አሉት።  እስኪወጣ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

ዝግጅቱ እንዳለቀ መምህርት ታመሙ። ስኳር ነበረባቸው። ሥራ ሲለቁ ዕቃዎቹን ለየባለቤቶቹ እኔው እንድመልስ አዘዙኝ፤ መኪና ለሐሙስ ተያዘ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የተዋስከውን ዕቃ ባዶውን አትመልስም። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ አደይ መድሂንም እንዲሁ ናቸው፤ ሰፌድ እንኳ ቢሆን ጥቂት ነገር ጣል ሳያደርግበት የሚመልስ ሰው አላውቅም። በመጋዘኑ ሕግ ደግሞ የሚበላ ነገር ወደ ውስጥ አይገባም፤ ይህንንም አውቅ ነበር፤ ደንቡን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ከቤቴ ሁለት እፍኝ ስንዴ አምጥቼ አቁማዳው ውስጥ ጨመርኩ። አፉን በጠፍር አስሬ ሰቀልኩት። ለሁለት ቀን ነው ብዬ።

ረቡዕ ኮሮና ገባ ተባለና ሥራ ተዘጋ። መኪናው ቀረ። ሊከፈት ነው ሲባል ተራዘመ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የመጋዘኑ ቁልፍ የያዘው ሰው ከከተማ ወጣ። መምህርት አብረኸት መድኃኒት በጠፋበት ወራት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ የተገኘነው ስምንት ሰዎች ነበርን።

ጦርነቱ ቆሞ መጋዘኑ እንደገና ሲከፈት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሽታው ነገረኝ። አይጥ አቁማዳው ውስጥ ወልዶበታል። ቀዳዳው ሁለት መዳፍ ያህላል። ስንዴዬ አንድ ፍሬ አልቀረም። ከተማው ሙሉ እህል ባጣበት ጊዜ፣ እኔም ልጆቼም ቀን እየቆጠርን በበላንበት ጊዜ፣ አይጦቹ የእኔን ስንዴ እየበሉ ከረሙ። አጠገቡ የተሰቀለ ለምድም ጠርዙ ተበልቷል። ያንኑ ቀን ለአዲሱ ኃላፊ ሁሉንም ነገርኩ፤ ስንዴውን ማን እንደጨመረ፣ ለምን እንደጨመረ።

አዲሱ ኃላፊ ዶክተር ፍስሃ ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ በዕድሜ ግን ልጄ ስለሆነ እዚህ እሱ ብዬ እጽፈዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ከእኔ በላይ ያነበበ፣ ከእኔ በታች የነካ ሰው ነው። ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዕቃ ክፍል ተነስቼ በር ላይ ተመደብኩ። ተቀበልኩ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ቀዳዳውን ልጠግን።

"አቦይ ሰይድ፣ እዚህ ቤት እኛ አንጠግንም፤ እንጠብቃለን። ከአሁን በኋላ ጉዳቱ ራሱ የዕቃው ታሪክ ነው።"

"ባለቤቷስ ምን ይባሉ?"

"እናነጋግራቸዋለን።"

ማንም አላነጋገራቸውም። እዚህ ላይ በእሱ ብቻ አላሳብብም። ቤታቸውን የማውቀው እኔ ነበርኩ። በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። አልሄድኩም። አንዴ ገበያ ላይ አገኙኝና ለቖታዬስ አሉኝ፤ ገና እየተጠና ነው አልኳቸው። "ምኑ ነው ይህን ያህል የማያልቀው? እኔ በሰባት ዓመቴ ጨርሼዋለሁ" ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ጀመር። ወንድነት የለውም፤ አውቃለሁ።

መጋዘኑ ከተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ማዕከሉ ዕቃ እንዴት እንደሚጠበቅ ለሕዝብ የሚያሳይ ዝግጅት አደረገ፤ እዚያው ሓወልቲ፣ ያው አዳራሽ። የአሁኑ እንደ መምህርት ጊዜ አይደለም፤ ባለቤቶች አልተጠሩም፣ ሁሉም ነገር ጽሑፍና መስታወት ነው። እኔ በር ላይ ነኝ። በሁለተኛው ቀን አደይ መድሂን ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ። የሰፈራቸው ሰው ለቖታሽ ከተማ ላይ ተሰቅሏል ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። ሰላም አሉኝና ገቡ። ተከተልኳቸው።

መስታወቱ ፊት ብዙ ቆሙ። ቀዳዳው ወደ ሰው ተደርጎ ተሰቅሏል፣ መብራት በርቶበታል። ከሥሩ ካርድ አለ፤ መምህርት የጻፉት አይደለም፣ አዲስ ነው። ማንበብ አይችሉም። በትግርኛ ነው የተነጋገርነው፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"ተዉት አደይ።"

"አንተን ፊደል ቆጥሯል ብለውኛል። አንብብ።"

አነበብኩላቸው። "ተገቢ ባልሆነ አያያዝ ጉዳት የደረሰበት የእህል አቁማዳ። ባለቤቱ ያልታወቀ።"

እንደገና አንብብ አሉኝ፤ እንደገና አነበብኩ። ከዚያ መስታወቱን በጣታቸው እየነኩ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ አሳዩኝ። አይጡ ከአሥራ ሰባቱ ጥገና አምስቱን ነው ከነቆዳው የበላው።

"እዚህ ጋ የባሌ ነበር" አሉ። "እንደ ሰው መስፋት አይችልም ነበር። ዕድሜ ልኩን ስቄበታለሁ።"

ያኔ ነገርኳቸው። ስንዴውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እየተጠና ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። ስንዴው ስንት እፍኝ እንደነበር ጠየቁኝ። ሁለት አልኩ። "ለእኔ ቤት ሁለት እፍኝ? ቋጣሪ!" አሉኝ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የእኔን ወንበር ስበው ተቀመጡና ለቖታቸው ካልወረደ እንደማይነሱ አስታወቁ። ለዘር እንደሚፈልጉት፣ ልጃቸው ዘንድሮ ከብዙ ዓመት በኋላ መሬቱን እንደሚያርስ፣ ዘሩን በማዳበሪያ ጆንያ እንደማያስቀምጡት ነገሩኝ። ነቀዙን በጆንያ አይተውታል።

ዶክተር ፍስሃ ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከልቡ ነው። ካርዱ ላይ ስማቸው እንደሚጻፍ፣ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ነገራቸው።

"ምስክር ለምኔ ነው ወደይ፣ ልጄ? የእኔ መሆኑን የረሳችሁት እናንተ ናችሁ" አሉት።

ዕቃው በመዝገብ ገብቷልና በኮሚቴ ካልሆነ አይወጣም አላቸው። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ጠየቁት። አላወቀም። አዳራሹ እስኪዘጋ ተቀምጠው ሄዱ፤ በማግሥቱም መጡ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ በየቀኑ መጡ። ጎብኚ ሲገባ ካርዱን እንዲያነብላቸው ይለምኑታል፤ "ባለቤቱ ያልታወቀ" የሚለው ጋ ሲደርስ "እኔ ነኝ" ይሉታል። ከማዕከሉ ጽሑፍ ሁሉ ሕዝቡ ያስታወሰው ይህንን ነው።

እኔ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ማመልከቻ ጻፍኩ። ሰው አላስጻፍኩም። እንዲህ ይላል፦ "ለኮሚቴው። መምህርት አብረኸት በእጃቸው በጻፉት ካርድ ላይ አሥራ ሰባት ጥገና ታሪክ ተብሎ ተመዝግቧል። ሰው ሲቀደድበት ስለጠገነው ነው እናንተ ልታጠኑት የፈለጋችሁት። አሥራ ስምንተኛውን የምትከለክሉት ስለምንድን ነው? ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልጠግነው። ሰይድ፣ የበር ሠራተኛ።"

መልስ ሳይመጣ ጡረታዬ ደረሰ። የሸኙኝ በለስላሳና በአንድ ጋቢ ነው። ጋቢው ጥሩ ነው፤ እለብሰዋለሁ።

ከወር በኋላ ስልክ ተደወለ። ዶክተር ፍስሃ ራሱ ነው። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተከራክሯል። አንዱ ዕቃው ከተጠገነ ለጥናት ዋጋ ያጣል ብሏል። እሱ ግን የመምህርትን ካርድ ከመዝገብ አስወጥቶ አንብቦላቸዋል፤ ይህንን የነገረኝ እየቀፈፈው ነው። ዕቃው ከመዝገብ ወጥቶ ለባለቤቷ ይመለስ፣ ጥገናው ግን በማዕከሉ ግቢ ውስጥ አይደረግ ተብሎ ተወሰነ። እሺ አልኩ። አመሰግናለሁ አላልኩም።

የጠገንኩት አደይ መድሂን ግቢ ውስጥ ነው። ቆዳው ደርቆ ስለነበር ቀድሜ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኩት። አይጥ የበላው ጠርዝ መርፌ አይዝም፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጤነኛው ቆዳ እስኪገኝ ዙሪያውን ቆረጥኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

"አይጡ የተወውን አንተ ልትጨርሰው ነው?"

መጣፊያው የፍየል ነው፤ የበግ ቆዳ ይለጠጣል፣ እህል ሲሞላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሚገባውም ከውስጥ በኩል ነው፤ እህሉ ራሱ እየገፋ ከቆዳው ጋር ያጣብቀዋል። ወስፌውን ጋደም አድርጌ ነው የምበሳው፤ እንዲያ ሲሆን ቆዳው ሲደርቅ ቀዳዳው ጅማቱን ነክሶ ይይዛል። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጅማቱን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ እሞክራለሁ። እጄ ግን አልረሳም። ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። በሁለቱ ቀን መሐል ሴትዮዋ አንድም "ጎበዝ" የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ቆዳው ሲደርቅ በጤፍ ሞከሩት። ጤፍ የሚያፈስ አቁማዳ ዘር አይቀመጥበትም። ሞልተው ሰቀሉት፣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። በማግሥቱ ስመጣ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁኝ።

"ሦስት" አሉ።

ሦስት ፍሬ ጤፍ ነው። የታችኛውን ማዕዘን ተረተርኩና እንደገና ሰፋሁት። በበነጋው ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ፣ አገላብጠው አዩ። ምንም የለበትም። አጣጥፈው አስቀመጡት።

ማዕከሉ የሰጠኝን የመረከቢያ ወረቀት አወጣሁና አነበብኩላቸው። "ዕቃዬን ሙሉ ሆኖ ተረክቤያለሁ" ይላል።

"ሙሉ አይደለም" አሉ። "ሰርዝና ጻፍ።"

ሙሉ ሆኖ የሚለውን ሰረዝኩ። ከላዩ በገዛ እጄ "አምስት ጥገና ጎድሎት፣ አንድ ተጨምሮበት" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። እኔም ምስክር ሆኜ ከሥር ፈረምኩ። ሐሙስ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.።